የቻይናዋ ልጅ ትውልድ ሲቆጠር

ስለ ስሜነሽ ብዙ አላውቅም፤ ይህን አስቀድሜ መናገር ይኖርብኛል። ቆሰበር ከተማ መናኸሪያው አጠገብ ሱቃችን ግድግዳ ለግድግዳ ከሆነ ስድስት ዓመት ሞልቶታል። እሷ ልብስ ትሰፋለች፤ እኔ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ለሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። የስፌት መኪናዋ ሲሮጥ የእኔ ጠረጴዛ ይንቀጠቀጣል። ይህን ያህል ቀርበን ግን ዕድሜዋን እንኳ አላውቅም፤ ከእኔ ጥቂት ትበልጥ ይሆናል፣ ወደ ሃምሳው። አግብታ ታውቅ እንደሆነም ጠይቄያት አላውቅም። እሷም ስሜን አታነሳም፤ «ጎረቤት» ነው የምትለኝ። ከዚህ በታች የምጽፈው ባለፈው ክረምት በዓይኔ ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን ብቻ ነው። ያንንም ለማየት የበቃሁት በአንድ የቻይና ፊልም ሰበብ ነው።

ፊልሙ ሰባ ሁለት ክፍል አለው። ታሪኩ በድሮ ነገሥታት ዘመን የሆነ ነው፤ ቤተ መንግሥት አለ፣ ጦርነት አለ፣ ፍቅር አለ። ወደ አማርኛ የመለሰው አንድ ሰው ነው። ንጉሡም፣ ገረዲቱም፣ የምታለቅሰው ሙሽራም በዚያው በአንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ ይናገራሉ። መጀመሪያ ሰሞን ያስቀኝ ነበር። በኋላ ጆሮዬ ለመደውና ሙሽራዋ ራሷ የምትናገር ይመስለኝ ጀመር። ኔትወርክ እንደ ልብ ስለማይገኝ ፊልሙ የሚመጣው በፍላሽ ነው። መናኸሪያው በር ላይ ምስጋናው የሚባል ፊልም ጫኝ አለ፤ አሥር አሥር ክፍል እየጫነ ይሰጣል፤ የሚቀጥለው ምን እንደሆነ ቢለምኑትም አይናገርም።

ፍላሹን ተመላልሳ የምታስጭነው ትዕግስት ናት። ትዕግስት የስሜነሽ የወንድም ልጅ ናት፤ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። አባቷ አድማሴ ከሞተ ጀምሮ ከአክስቷ ጋር ትኖራለች፣ አብራትም ትሰፋለች። ክረምት የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ወቅት ስለሆነ ሁለቱም ከመኪናቸው አይነሱም፤ ትንሿን ቴሌቪዥን የጨርቅ መደርደሪያው ላይ አስቀምጠው እየሰፉ ያያሉ። ከፊት ለፊት ድንች የምትሸጠው እታለማሁ ዝናብ ሲጥል ድንቿን በላስቲክ ሸፍና ትገባለች። ጋሽ ደጉ የፈረስ ጋሪያቸውን ደጅ አቁመው ጭነት እስኪገኝ በሩ ላይ ይቀመጣሉ። እኔም ደንበኛ ሲጠፋ ወንበሬን ይዤ ጥግ እይዛለሁ። መብራት ሲኖር እናያለን፤ መብራት ሲሄድ ባየነው እንከራከራለን። እኛ ከተማ ላይ ደግሞ ለክርክር የሚሆን ጊዜ አይጠፋም።

የቻይና ስም አልያዝ ስላለን ስም አወጣንላቸው። የልጅቱ ስም ብቻ፣ ሜይ፣ አጭር ስለሆነ ቀረ። የሚወዷት ሁለት ወንዶች ናቸው። አንዱ የጦር አለቃ ነው፤ ጉንጩ ላይ ባለው ምልክት «ባለ ጠባሳው» አልነው። ሁለተኛው ቀጭን፣ ነጭ ለባሽ፣ ግጥም የሚጽፍ ነው፤ ማራገቢያ ከእጁ ስለማይለይ «ባለ ማራገቢያው» ሆነ። እናቱ ሰው የሚናገረውን ሁሉ ተደብቃ ትሰማለች፤ እሷን «እትዬ መጋረጃ» አልናት።

«ባለ ጠባሳው ይሻላታል» ይላሉ ጋሽ ደጉ። «ወንድ ነው። ችግሩ ፈረስ አያውቅም። ልጓሙን እንዴት እንደያዘው አላያችሁም? እንዲህ አድርጎ ለጥር ጊዮርጊስ የፈረስ ግልቢያ እኛ ጋ ቢወጣ በመጀመሪያው ዙር ነው ዱብ የሚለው።»

«እርስዎ ለልጅቱ ባል ነው የሚመርጡት ወይስ ለፈረሱ ጌታ?» ትላቸዋለች እታለማሁ። «የሚወዳት ባለ ማራገቢያው ነው። ያን ዕለት ዝናብ ሲመታት በማራገቢያው አልጋረዳትም?»

«በወረቀት ማራገቢያ ዝናብ ሊከለክል! ቆሰበር መጥቶ ይሞክራታ!»

ስሜነሽ በዚህ ክርክር ውስጥ እምብዛም አትገባም ነበር። ዓይኗ ልብሱ ላይ ነው። «ይህ እጅጌ ብቻውን ሦስት ሜትር ይበላል» ትላለች፤ ወይም «የአንገቱን ጠርዝ በእጅ ነው የዘመዘሙት፣ መኪና አልነካውም»። አንድ ቀን ጦረኞቹ በቀርከሃ ጫካ ውስጥ ሲሯሯጡ ሥራዋን አቁማ «እነሱም ጋ ቀርከሃ አለ!» ስትል ፊቷ ላይ ያየሁት ደስታ ገርሞኛል፤ ሩቅ አገር ዘመድ ያገኘች ትመስል ነበር።

ትዕግስት የባለ ማራገቢያው ወገን ናት፤ ለምን እንደሆነም ሁላችን እናውቃለን። እሷም የምትወደው ቀጭን ልጅ አላት። ባንተአምላክ ይባላል፣ ዳንግላ ባጃጅ ይጠግናል። የሥራ ቱታ ሊያሰፋ መጥቶ ነው የተዋወቁት። ቱታው ካለቀ በኋላም አንዴ ቁልፉ ወለቀ፣ አንዴ ኪሱ ተቀደደ እያለ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ መምጣቱን አላቆመም። ለጥር ሊጋቡ አስበዋል። የቀረው ትውልድ መቁጠር ነበር።

እኛ ዘንድ ሁለት ሰዎች ከመጋባታቸው በፊት የሁለቱም ወገን እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። አንድ ሰው ከሁለቱም በኩል ከተገኘ ዘመድ ናቸውና ጋብቻው ይቀራል። የባንተአምላክ ሴት አያት ደግሞ ከጥርባ ወደ ዳንግላ የተዳሩ ናቸው፤ የስሜነሽ ወገንም መሠረቱ ጥርባ ነው። አድማሴ ስለሞተ የትዕግስትን ወገን ሊቆጥር የሚችል የቀረ ሰው ስሜነሽ ብቻ ነበረች። የስሜነሽ አባት ማሳ ሲያርሙ ስሞቹን በአገውኛ እያስጠሩ እሷንና አድማሴን አንድ ላይ እንዳስጠኗቸው ትዕግስት ነግራኛለች። የልጁ ሽማግሌዎች ከመስቀል በፊት ባለው እሁድ እንዲመጡ ቀን ተቆርጦ ነበር። ስሜነሽ ያን ዕለት የምትጠራው ስም ትዕግስትን ወይ ያጋባታል ወይ ያስቀራታል። ትዕግስት ክረምቱን በሙሉ ያን እሁድ እየቆጠረች ከረመች።

ክፍል ሠላሳ አንድን ያየነው ነሐሴ መግቢያ ላይ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው የተርጓሚው ድምፅ እስከ መጨረሻ ተከፍቶ እንኳ በግድ ነበር የሚሰማው። ሜይ የእናቷ መቃብር ላይ ተንበርክካለች። እትዬ መጋረጃ መጣችና አጠገቧ ተንበረከከች። «እህቴ» አለች ለመቃብሩ፣ «ልጅሽን ለልጄ ልወስዳት ነውና ደስ ይበልሽ።» ቀጥሎ ሁለቱ ሴቶች ልጆች ሳሉ ከአንዲት እናት ጉያ ተቃቅፈው ተኝተው አሳየን።

እታለማሁ አፏን በእጇ ያዘች። «እህትማማች ናቸው? በስመ አብ! ሠላሳ ክፍል ሙሉ ስጸልይለት የከረምኩት ለአክስቷ ልጅ ነው?»

መብራቱ በዚያው ጠፋ። ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም።

ስሜነሽ ተነሣች። ሰማያዊ የዩኒፎርም ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጠመኔዋን አነሳች። «እስኪ በሥርዓት እንየው» አለች። በአንድ በኩል ሜይ ብላ ጻፈች፤ ከሥሯ እናቷን፣ ከእናቷ ሥር አያቷን። በሌላው በኩል ባለ ማራገቢያውን ጻፈች፤ ከሥሩ እትዬ መጋረጃን። ሦስተኛውን ለመጻፍ እጇን አንስታ ተወችው። ሁለቱን መስመሮች እዚያው አያቲቱ ላይ አገናኘቻቸው።

«ይሄማ ገና ከደጃፍ ነው የተገናኘው!» አሉ ጋሽ ደጉ። «እኔ ባለ ጠባሳው ይሻላታል ስል ፈረሱን ብቻ ያየሁ መሰላችሁ።»

«አሁን ነው ያወቁት እርስዎም!» አለቻቸው እታለማሁ።

«ሌላ አገር ነው እኮ» አለች ትዕግስት ቀስ ብላ። «እነሱ አይቆጥሩ ይሆናል። እናትየዋ ራሷ ናት የምታጋባቸው።»

«ባይቆጥሩስ፣ ደሙ አንድ መሆኑ ይቀራል?» አለች ስሜነሽ። «እኔ ብሆን አልሰጥም። በአያት ቀርቶ ስድስት ቤት ርቆ ቢገኝም አልሰጥም።»

ትዕግስት የምትሰፋውን ቀሚስ አስቀመጠች። በአገውኛ አንድ ነገር አለች፤ ስሜነሽም በአጭሩ መለሰችላት። እኔ ቋንቋውን አልሰማም። እታለማሁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «‹ለእኔም እንዲሁ ትያለሽ?› አለቻት» አለችኝ።

«እሷስ?»

«‹ለአንቺም›።»

በማግሥቱ ስሜነሽ እኔ ሱቅ መጣች። በስድስት ዓመት ውስጥ ደጄን ስትረግጥ ያ የመጀመሪያዋ ነው። የምታስነሳው ፎቶ ኮፒ አልነበራትም። ማሽኑን ትንሽ አየችና፣ «ጎረቤት፣ አንተ የተማርክ ነህ» አለችኝ። «እዚያ አገር ሕጉ እንዲህ ነው?»

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ የተማርኩትን ሁሉ በልቤ ፈለግሁ። ስለ ቻይና የማስታውሰው ታላቁን ግንብ ብቻ ነበር። «ድሮ እንዲያ ይሆን ይሆናል፤ እርግጠኛ አይደለሁም» አልኳት።

«እኔን የገረመኝ» አለች፣ «ማንም አልደነገጠም። እትዬ መጋረጃ መርዝ ሳይቀር የምትጠረጥር ሴት ናት፤ ይህ አላስደነገጣትም። ካህኑም አልተናገረ፣ ንጉሡም ሲተጫጩ መረቃቸው። አንድ ሰው እንኳ ‹ቆይ፣ ይቆጠር› አይልም?»

«ፊልም ስለሆነ ይሆናል።»

«በፊልሙ ቂም የያዘ ሰው ሃያ ዓመት ሲበቀል አይተን የለ። ይህን ማን ይረሳዋል?» ወደ ደጁ አየት አደረገች። «ዘመዳሞች ሲጋቡ ልጃቸው ምን ይሆናል ይላሉ?»

ሐኪም ያውቀዋል አልኳት። «እንግዲህ እናየዋለን» ብላ ወጣች። ሐኪም ልትጠይቅ መስሎኝ ነበር። ለካ የሚቀጥለውን ፍላሽ ማለቷ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትዕግስትን «ምስጋናው ከፍቷል ወይ?» እያለች የምታጣድፈው እሷ ሆነች። ልብሱን ማየት ተወች፤ የሰዎቹን ፊት ብቻ ነበር የምታየው።

ባለ ጠባሳው ጦር ሜዳ ቀረ። ጋሽ ደጉ ሦስት ቀን አኮረፉ። ሜይ ባለ ማራገቢያውን አገባች። ሁለተኛ አላይም ብላ የነበረችው እታለማሁ ሠርጉን ቆማ አየች፤ «ልብሱን ለማየት ነው» አለች። ክፍል አርባ ስምንት ላይ ሜይ ወለደች።

ስሜነሽ እግሯን ከፔዳሉ አነሳች። «ትዕግስት፣ አቁሚው።»

ትዕግስት በሪሞት አቆመችው። ስሜነሽ መነጽሯን አድርጋ ቴሌቪዥኑ ሥር ቆመች። ሕፃኑ በቀይ ጨርቅ ተጠቅልሎ አንድ እጁን አውጥቷል። በጣቷ ጠቋቁማ ጣቶቹን ቆጠረች። «አምስት» አለች። «ሌላው አይታይም። ትንሽ አስኪጂው።»

አስኬደችው፤ ሁለተኛው እጅ ብቅ ሲል ደግሞ አቆመችው። እሱም አምስት ሆነ። ስሜነሽ የሕፃኑን ዓይን አየች፣ ጆሮውን አየች፣ ከንፈሩን ጎንበስ ብላ አየች።

«አንቺ ስሜነሽ» አሉ ጋሽ ደጉ ሳቃቸውን ይዘው፣ «ይህ እኮ ለፊልሙ የተዋሱት የሰው ልጅ ነው። እናትና አባቱ ሌላ ናቸው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ጣቱን ምን ያስቆጥርሻል?»

«ይተዉኝ ጋሽ ደጉ፣ ልየው።»

እታለማሁ እስክታለቅስ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ትዕግስት ግን ሪሞቱን በሁለት እጇ ይዛ አክስቷን ታይ ነበር። ክፍል ሃምሳ ላይ ልጁ ሦስት ዓመት ሞልቶት ቀርከሃው መሐል ሲሮጥ ስሜነሽ መኪናዋን ዳግመኛ አቆመች። እስኪወድቅ ጠበቀች መሰለኝ። አልወደቀም። «ደህና ነው የሚሮጠው» አለችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ከመስቀል በፊት የነበረው እሁድ ደረሰ። ስሜነሽ «ጽሑፍህ ይነበባል» ብላ ስሞቹን እንድጽፍ ስለጠየቀችኝ እኔም ገባሁ። ከሱቁ ጀርባ ባለው ቤቷ የባንተአምላክ አጎት አቶ ነጋ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠዋል። በእኛ በኩል ጋሽ ደጉ አሉ። ባንተአምላክ ደጅ ቆሞ የጋሽ ደጉን ፈረስ ይዳብሳል። ትዕግስት ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ትሰማለች፤ እግሯ ይታየኝ ነበር።

አቶ ነጋ ጀመሩ። የሚያሰጋው የጥርባው መስመር ስለሆነ እሱን ብቻ መቁጠር በቂ ነው ተባባሉ። «የባንተአምላክ እናት የምሥራች» አሉ። «የየምሥራች እናት ሀይማኖት፤ ከጥርባ የመጡት እሳቸው ናቸው። የሀይማኖት አባት ካሴ። ካሴ የእንግዳ። እንግዳ የወርቁ። ወርቁ የጓንጉል። ጓንጉል የዘለቀ።» እኔ ከላይ እስከ ታች ጻፍኩ፤ ሰባት ሞላ። ከጎኑ ለትዕግስት ሰባት ባዶ መስመር አሰመርኩ።

ስሜነሽ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሰው አታይም ነበር። «የትዕግስት አባት አድማሴ» አለች። «አድማሴ የፀጋው። ፀጋው የደረሰ። ደረሰ የቢረሳው። ቢረሳው የተገኘ።»

አምስት። ብዕሬ ስድስተኛው መስመር ላይ ነው። እስከዚህ ድረስ ስሞቹ እንደ ጸሎት ነበር ከአፏ የሚወርዱት። አሁን ቆመች። ወረቀቱ ላይ ስለነበርኩ ምን ያህል እንደቆየች መናገር አልችልም፤ ቀና ስል አቶ ነጋም፣ ጋሽ ደጉም እያዩዋት ነበር። ከመጋረጃው በታች የሚታየኝ እግር አልተነቃነቀም።

«ከተገኘ በላይ አባቴ አልነገረኝም» አለች።

ጋሽ ደጉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ አልተናገሩም። አባቷ አቶ ፀጋው ለሐዘን በተሰበሰበ ሰው ፊት አሥር ቤት ሲቆጥሩ ሰምቻለሁ ብለው በኋላ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ያን ዕለት ግን መሬት መሬት ያዩ ነበር።

«ሌላ የሚያውቅ ዘመድ አይኖርም?» አሉ አቶ ነጋ።

«አድማሴ ነበር። ሞተ።»

«ጥርባ የቀረ ሽማግሌስ?»

«የአባቴ ታናሽ የመጨረሻው ነበሩ፤ ዓምና ቀበርናቸው።»

አቶ ነጋ ሁለቱን ሽማግሌዎች ይዘው ወጡ። ደጅ ቆመው ሲነጋገሩ ይሰማናል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ስሜነሽ ከተቀመጠችበት አልተንቀሳቀሰችም። እኔ ባዶዎቹን ሁለት መስመሮች ሳይ ቆየሁ። ሲመለሱ አቶ ነጋ ቆባቸውን አውልቀው ነበር።

«በታወቀው ዝምድና አልተገኘም» አሉ። «ያልታወቀውን እግዚአብሔር ያውቀዋል። እኛ ልጆቹን አንከለክልም። አንቺስ፣ እመት ስሜነሽ?»

«እኔም አልከለክልም» አለች።

ከመጋረጃው ጀርባ ትዕግስት ያወጣችውን ድምፅ ሳቅ ልበለው ለቅሶ አላውቅም። ቆመን ምርቃት ተመረቅን። ወረቀቱን አቶ ነጋ አልጠየቁኝም፣ ስሜነሽም አልጠየቀችኝም፤ እኔ ዘንድ ቀረ።

ሰኞ ጠዋት ሱቋ ብቻዋን አገኘኋት። ትዕግስት የመጨረሻዎቹን ክፍሎች ልታስጭን ሄዳለች። ስሜነሽ የቀሚስ ጠርዝ እያጠፈች ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋሁት። መጠየቄ ነውር እንዳይሆንብኝ ፈርቼ ሌሊቱን ሁሉ ሳስብ አድሬ ነበር፤ እሷ የእኔ ጎረቤት እንጂ ዘመድ አይደለችም፣ ነገሩም የእኔ አይደለም። ግን ያን የፊልም ሕፃን ጣት ስትቆጥር አይቻታለሁ። «ስድስት ቤት ርቆ ቢገኝም አልሰጥም» ስትልም ሰምቻታለሁ። በነሐሴና በመስከረም መሐል በዚህች ሴት ልብ ውስጥ ምን እንደሆነ ለማወቅ ያደረብኝን ጉጉት መተው አልቻልኩም።

«ስሜነሽ» አልኳት፣ «እነዚህ ሁለቱ ባዶ ናቸው።»

ወረቀቱን አየችው። ከላይ ጀምራ ሁለቱንም ዝርዝር አነበበች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ተገኘ ላይ ስትደርስ ከንፈሯ ወዲያው አልቆመም መሰለኝ፤ ግን ዓይኔ ተሳስቶ ይሆናል።

«አጻጻፍህ ያምራል» አለችኝ።

«ስድስተኛውን ስም በእውነት አታውቂውም ነበር?»

ወረቀቱን በቀስታ አጠፈችው፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ልክ ጨርቅ እንደምታጥፈው። ወደ እኔ ገፋችልኝ።

«ይህን አልመልስልህም» አለች።